የአቶ ላምቤቦ አምስተኛ አባት

በሥራ መዝገቤ ውስጥ ልጆቼ ደጋግመው የጠየቁኝ አንዲት መስመር አለች። «ከክፍል ኃላፊነት ተነሥቶ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ወደ አንጋጫ ተዛውሯል» ትላለች። ምክንያቱን አትናገርም። ሠላሳ አራት ዓመት መንግሥትን ያገለገለ ሰው ስለ አንዲት መስመር ይህን ያህል ዝም ማለቱ ለእነርሱ እንቆቅልሽ ነው። ዝምታዬ የፍርሃት አልነበረም፤ የድካም ነው። ነገሩን ለማስረዳት ስለ ኮምፒዩተርም፣ ስለ ሀዲያ ሽማግሌዎችም፣ ስለ ራሴም ማውራት ስለሚኖርብኝ፣ ሁልጊዜ ነገ እያልኩ አሳደርኩት። ዛሬ ጽፌ ልገላገለው።

ዘመኑ የደርግ መጨረሻ አካባቢ ነበር። እኔ ሆሳዕና ተወልጄ ያደግሁ፣ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበርኩ። አባቴ ከሰሜን በሥራ ተመድቦ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ስለነበር፣ ከአገሬው ቋንቋ ከሀዲይሳ የማውቀው ለገበያ ሰላምታ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነበር። ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሬው አላውቅም። ቢሮው በአማርኛ ይሠራል፤ ትምህርት ቤቱም በአማርኛ ያስተምራል፤ እኔም በዚያው ኖርኩ።

በዚያ ወቅት በአውራጃው ውስጥ በዕርዳታ የመጣ አንድ ኮምፒዩተር ነበር። ከአንዱ ማሽን ጋር ሦስት ስክሪንና ሦስት ኪቦርድ ተያይዘው፣ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በጀኔሬተር ይሠራሉ። ሥራችን የገበሬ ማኅበራትን አባላት መመዝገብ ነበር፤ ምርጥ ዘር የሚታደለው በእኛ ዝርዝር መሠረት ነው። በዝርዝሩ ያልገባ ማኅበር ዘር አያገኝም። እኔ አዲስ አበባ ስድስት ወር ሠልጥኜ የመጣሁ የክፍሉ ኃላፊ ነበርኩ። የመመዝገቢያውን ፕሮግራም የጻፍኩትም ራሴ ነኝ። በየስብሰባው ማንም ሳይጠይቀኝ ይህን እናገር ነበር።

አመዘጋገባችን እንዲህ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዝርዝሩን ይዞ በአካል ይመጣና በኪቦርዱ ከሚጽፈው ኦፕሬተር ጎን ይቀመጣል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ስለማይነበብ፣ አባላቱን አንድ በአንድ እየጠራ ያስጽፋል። ስሙን የምንጽፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ማሽኑ የእኛን ፊደል አያውቅም ነበር። ሊቀ መንበሩ የራሱን ስም የሚያስጽፈው በመጨረሻ ነው። ራስን ማስቀደም ነውር ስለሆነ፣ አንድም ሊቀ መንበር ይህን ሥርዓት ሲጥስ አላየሁም። ዝርዝሩ ተጠቃሎ ዲስክ ላይ የሚቀመጠውም የእሱ ስም ከገባ በኋላ ነበር።

ከሦስቱ ኦፕሬተሮች ሁለቱ ከአዲስ አበባ የተመደቡ ወጣቶች ነበሩ። ሦስተኛዋ ታደለች ዴታሞ ትባላለች፤ የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ሀዲይሳ የአፍ መፍቻዋ ነው። ዝምተኛና ፈጣን ነበረች። አንድ ነገር ግን በከተማው ሁሉ ይታወቅባት ነበር። ታላቅ ወንድሟ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም።

የመከራው ሳምንት የጀመረው ሰኞ ነው። ታደለች አንድ ማኅበር መዝግባ ልትጨርስ ስትል ፕሮግራሙ ሞተ፤ የጠዋቱ ሥራ በሙሉ ጠፋ። ማክሰኞ በሌላ ማኅበር ላይ ያው ደረሰ። ሐሙስ ተራው የሀቢቾ አካባቢ ማኅበር ሆነ። ሊቀ መንበሩ አቶ ላምቤቦ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው የሚቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት መቶ ያህል አባላት አስጽፈው፣ የራሳቸውን ስም ሰጥተው ገና ሳይነሡ ስክሪኑ ባዶ ሆነ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የፓርቲው ተጠሪ ጓድ ደምሴ መጣ። ሳይቀመጥ ጥያቄ ጀመረ።

«ጓድ ታዬ፣ ፕሮግራሙ ስንት ጊዜ ሞተ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«በማን እጅ?»

ወደ ሦስቱ ስክሪኖች ዞር አልኩ።

«ጠየቅሁህ እኮ!»

«በታደለች ስክሪን ላይ ነው።»

«በሁለቱ ልጆች እጅስ?»

«አንድም ጊዜ አልሞተም።»

«ሥራው ሲጀመር ነው የሚሞተው ወይስ ሲያልቅ?»

«ሲያልቅ።»

«አየህ? ሠርታ ሠርታ ማለቂያው ላይ ስትደርስ ትገድለዋለች። ዝናቡ ደርሷል፤ ዘሩ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ዝርዝር ግን የለም። ይህ አሻጥር ካልሆነ ምን ይባላል?»

ታደለች ከወንበሯ ተነሥታ ቆማ ነበር። የተናገረችው ወደ እኔ ዞራ እንጂ ወደ እሱ አልነበረም። «ጋሼ፣ ምንም የነካሁት ነገር የለም። ስም ጻፍኩ፤ የማስገቢያውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ሞተ።»

«ወንድምሽም ምንም አልነካሁም ነበር የሚለው» አላት ጓድ ደምሴ።

አቶ ላምቤቦ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

ታደለችን ከተጠሪው ጽሕፈት ቤት በስተጀርባ ባለው የዕቃ ክፍል አስገቧት። ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ በጠባቂ ታጅባ አዲስ አበባ ትላካለች ተባለ። የወንድሟ ስም ባለበት መዝገብ ላይ የእሷ ስም ከተጨመረ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔን ደግሞ ጓድ ደምሴ እንዲህ አለኝ።

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ገጽ ትጽፍልኛለህ። ማሽኑም ፕሮግራሙም ጉድለት እንደሌለባቸው ፈርመህ ታመጣለህ። የቀረውን እኛ እንጨርሰዋለን።»

ከሰዓት በኋላ ባዶ ወረቀት ፊት ለፊቴ አድርጌ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩም። «ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ከዋለበት ጊዜ ጀምሮ በሚገባ ሲያገለግል የቆየ ሲሆን» ይላል። እዚያ ላይ እጄ ቆመ። እውነቱን ልናገር፤ ያቆመኝ ለታደለች ማዘኔ አይደለም። ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ፈርሜ ስለማላውቅ ነው። የቢሮ ሰው ልማድ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ስም አልሰጠውም።

የማይበትም ነገር ነበረኝ። እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ፤ ነገሩ ከባድ አይደለም። የኮምፒዩተር አንጎል ፕሮሰሰር ይባላል። በውስጡ ሬጅስተር የሚባሉ ጥቂት ጠባብ ማስቀመጫዎች አሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ቁጥር ብቻ ይይዛል። ከእነርሱ አንዱ ቀጥሎ የሚፈጸመው ትእዛዝ የሚገኝበትን አድራሻ ይይዛል። ያ አድራሻ ከተበላሸ ፕሮግራሙ ወደማይኖር ቦታ ይሄድና ይሞታል። ዲበገር የሚባለው መመርመሪያ ደግሞ እነዚህን ሬጅስተሮች ያሳያል። በሥልጠናው ላይ አንድ ቀን ብቻ አሳይተውን አልፈዋል።

እኔ ዲበገሩ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ገብቶ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። አንድ ፕሮግራም ሲሞት ፕሮሰሰሩ አፍታ ሳይቆይ ወደ ሌላው ሥራ ያልፋል፤ ሬጅስተሮቹም በሌላ ቁጥር ይሞላሉ። ሟቹ የነበረበትን ሁኔታ ከፕሮሰሰሩ ልፈልግ ቢሉ አይገኝም። ነገር ግን ማሽኑን የሚያስተዳድረው ዋናው ሥርዓት፣ ሟቹን ከማሰናበቱ በፊት፣ የያዛቸውን ሬጅስተሮችና የማኅደረ ትውስታውን ይዘት ገልብጦ ዲስክ ላይ ያኖረዋል። ፋይሉ «ኮር» ይባላል። እንደ ርክክብ ሰነድ ነው፤ ሠራተኛው ሄዷል፤ ሲሄድ በእጁ የነበረው ግን ተመዝግቧል። ዲበገሩ የሚያነበው ያንን ነው። የሐሙሱ ኮር ዲስኩ ላይ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀኔሬተሩ ሲነሣ መመሪያውን ገልጬ ጀመርኩ። ዲበገሩን ከፈትኩ፤ ኮሩን ሰጠሁት፤ ሬጅስተሮቹን አሳየኝ አልኩት። ቁጥሮች ተደረደሩ። የሚቀጥለውን ትእዛዝ አድራሻ በሚይዘው ላይ የተጻፈው 48455241 ነበር። የእኔ ፕሮግራም የሚገኘው በትንንሽ አድራሻዎች ላይ ነው። ይህ ቁጥር ማሽኑ ካለው ማኅደረ ትውስታ ሁሉ የራቀ ነበር። ፕሮግራሙ ለምን እንደሞተ ገባኝ፤ ይህን ቁጥር ከየት እንዳመጣው ግን አልገባኝም።

አንድ ሰዓት ያህል ቁጥሩን ሳየው ቆየሁ። በወረቀት ላይ ሁለት ሁለት እያደረግሁ ስጽፈው ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት፤ 48፣ 45፣ 52፣ 41። ሁሉም በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ውስጥ ናቸው። ማሽኑ የላቲን ፊደላትን የሚወክልባቸው ቁጥሮች እነዚያው ናቸው። ከመመሪያው ጀርባ ካለው ሰንጠረዥ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ፤ አራቱ የላቲን ፊደላት «ሄራ» የሚል ሆኑ። ጎኑ ያለውን ሌላ ሬጅስተር ስፈታ ደግሞ «ኡሎ» የሚል የአንድ ስም ጅራት ወጣ። አድራሻ መቀመጥ በሚገባው ቦታ የሰው ስም ተቀምጧል።

የማኅበሩን ዝርዝር አነሣሁ። በሄራ የሚጀምር ስም ሄራሞ ብቻ ነው፤ ሄራሞ የሚባሉ አራት ሰዎች አሉ፤ አራቱም ሐሙስ ጠዋት ያለ ችግር ገብተዋል። አቶ ላምቤቦ በወረቀቱ ላይ «ላምቤቦ ኤርሲዶ ሀንዳሞ» ናቸው። በዚያ ውስጥ ሄራ የሚል የለም። ሊነግረኝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ጠባቂው የማውቀው ሰው ስለነበር በበሩ ክፍተት እንዳነጋግራት ፈቀደ። «ቶሎ በሉ ጋሼ፣ እኔን እንዳታስበሉኝ» አለና ጀርባውን አዞረ።

«ታደለች፣ ሐሙስ የመጨረሻው ስም የማን ነበር?»

«የአቶ ላምቤቦ።»

«በስማቸው ውስጥ ሄራሞ የሚባል አለ?»

«አለ እንጂ። አምስተኛ አባታቸው ነው።»

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም። «ስንት አባት ነው የጻፍሽው?»

«የነገሩኝን ሁሉ ነዋ።» ከዚያም ትምህርቱን በቃሉ እንደሚወጣ ተማሪ ዓይኗን ጨፍና ቆጠረችልኝ። «ላምቤቦ፣ ኤርሲዶ፣ ሀንዳሞ፣ ላሬቦ፣ አኑሎ፣ ሄራሞ፣ ጋዳ።»

«ቅጹ እኮ የሚለው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው!»

«ጋሼ፣ ሽማግሌ አባቶቹን ሲቆጥር በስንተኛው ላይ ነው በቃዎት የሚባለው?»

«ታዲያ ለሌሎቹ ኦፕሬተሮች ለምን ሦስት ብቻ ይሰጣሉ?»

«እነሱ በአማርኛ ነው የሚጠይቁት። በአማርኛ ሲጠየቁ እንደ መታወቂያ ወረቀት ሦስት ብለው ያቆማሉ። እኔ በሀዲይሳ የማን ልጅ ነዎት ነው የምላቸው። የማን ልጅ ነህ የተባለ ሰው ሦስት ብሎ ቢያቆም ዘሩን አያውቅም ይባላል። የሌላውን ሰው አባቶች አይቆጥሩም፤ የራሳቸውን ግን ይቆጥራሉ። ከዚህ ሳምንት በፊት የመጡልኝ ሊቃነ መናብርት ወጣቶች ስለነበሩ ከአራት አላለፉም።» ይህን ብላም ጨመረችበት። «ደግሞ ስክሪኑ ተቀብሎኛል። ሞልቷል አላለኝም።»

ሞልቷል አላለኝም። ይህቺን ስትል በጣቴ ፊደላቱን መቁጠር ጀምሬ ነበር። ለስም የሰጠሁት ቦታ ሠላሳ ሁለት የላቲን ፊደል ነው፤ በስሞች መካከል ያለው ክፍተትም ይቆጠራል። ላምቤቦ፣ ኤርሲዶ፣ ሀንዳሞ፣ ላሬቦ። ሠላሳ ሁለተኛው ፊደል አኑሎ መካከል ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ቦታ የስም አይደለም፤ ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ የሚመለስበት አድራሻ የተቀመጠበት ነው። የአኑሎ ጅራት አጥሩን አለፈ፤ ቀጥሎ ሄራሞ መጥቶ አድራሻው ላይ ተቀመጠ። ፕሮግራሙ ልመለስ ሲል የተመለሰው ወደ አቶ ላምቤቦ አምስተኛ አባት ነው።

ፊደል ከሠላሳ ሁለት ሲበልጥ «ቦታው ሞልቷል» የሚል ትእዛዝ መጻፍ ነበረበት። የሁለት መስመር ሥራ ነው። መጻፍ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አልጻፍኩም፤ ሦስት ስም ከሠላሳ ሁለት ፊደል እንደማይበልጥ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ሰው ከሦስት ስም በላይ ሊኖረው እንደሚችል ደግሞ በሐሳቤም አልመጣም።

ወደ ቢሮ የተመለስኩት በእግሬ ነው። በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ ወያላዎች ይጣራሉ፤ ተሸካሚዎች ይሻማሉ፤ እኔ ግን እንደ ሕመምተኛ ነበር የምራመደው። ሦስት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው የተጠየቅሁትን መፈረም ነው። ሁለተኛው ማሽኑን ማመካኘት ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ነው፤ ፋብሪካው ያበላሸው ነው ብል ተከራካሪ የለብኝም። ይህ ሁለተኛው ለረጅም መንገድ አብሮኝ ሄደ። ነገር ግን ጓድ ደምሴ ማሽኑ በሁለቱ ልጆች እጅ ለምን አይበላሽም ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ ዞሮ ዞሮ ታደለች ላይ ይወድቅ ነበር። የቀረው ሦስተኛው፣ እውነቱን መጻፍ ነው። ሚስቴን ሳላማክር ወሰንኩ፤ ባማክራት ኖሮ ምን እንደምትለኝ አውቅ ነበርና።

በዘጠኝ ሰዓት ጓድ ደምሴ መጣ። ዝርዝሩ ሳያልቅ ወደ አገራቸው አልመለስም ብለው ዘመድ ቤት ያደሩት አቶ ላምቤቦ ከጠዋት ጀምሮ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ስለነበር እሳቸውም ገቡ። ኮሩን ከፍቼ ሬጅስተሩን አሳየሁት፤ ሰንጠረዡን ሰጠሁት፤ አስረዳሁት። እጁን አጣምሮ ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ የሞተ ነገር ነው። ሬሳ ይዘህ መጥተህ ምስክር ነው ትለኛለህ? ማን ያውቃል ትናንት አንተ ራስህ ጽፈህበት ከሆነ? በሕይወት አሳየኝ።»

እውነቱን ነው፤ ኮር ግልባጭ ነው፤ ግልባጭን የሚጠራጠር ሰው አይፈረድበትም። ስለዚህ ፕሮግራሙን በዲበገሩ ሥር አስነሣሁት። ስሙን ተቀብሎ ሲጨርስ፣ ከመመለሱ በፊት እንዲቆም ምልክት አደረግሁበት።

«ይጻፉ» አልኩት፤ ከወንበሬ ተነሥቼ።

«እኔ?»

«እርስዎ። የእኔም የማንም እጅ እንዳይገባበት።»

ተቀመጠ። አቶ ላምቤቦ ከጎኑ ቆመው እየቆጠሩ፣ እሱ በአንድ ጣቱ ፊደሎቹን እየፈለገ ይጫን ጀመር። ሀንዳሞ ላይ ሲደርሱ ላቡን ጠረገ።

«ገና ነው እንዴ አባባ?»

«ገና ነው። ላሬቦ በል።»

«ስንት ናቸው?»

«ለመንግሥት ብዬ ነው ያሳጠርኩት» አሉ ሽማግሌው። «አንተስ፣ ልጄ፣ ስንት ትቆጥራለህ?»

«ያስጽፉኝ እንጂ አይጠይቁኝ!»

ጋዳን ጽፎ ማስገቢያውን ተጫነ። ስክሪኑ ባዶ አልሆነም። ፕሮግራሙ ቆመ።

«ሞተ?» አለ ጓድ ደምሴ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንሥቶ።

«አልሞተም። ቆሟል። ሥርዓቱ ከፕሮሰሰሩ አውርዶ ሬጅስተሮቹን በአደራ ይዞለታል። እኔ በዲበገሩ በኩል ሥርዓቱን እጠይቀዋለሁ፤ እሱ የያዘውን ይነግረኛል። ከሟቹ ጋር ያለው ልዩነት ይህ ነው። ያኛው የተጻፈለትን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ይህኛው ግን ገና ይመለሳል።»

ሬጅስተሮቹን አሳየሁት። የሚቀጥለው ትእዛዝ አድራሻ ጤነኛ ትንሽ ቁጥር ነበር፤ እንዲያየው በወረቀት ጻፍኩለት። ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ብቻ እንዲራመድ አዘዝኩት። አንድ ተራመደ። ሁለተኛውን ተራመደ። እንደገና ሬጅስተሮቹን አሳየሁ። 48455241።

ጓድ ደምሴ ሰንጠረዡን ስቦ በጣቱ እየተከተለ ራሱ ፈታው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሄራ» አለ።

«ሄራሞ» አሉ አቶ ላምቤቦ፤ ስማቸው ጎድሎ መጠራቱ አልተመቻቸውም።

«አሁን ብለቀው ይሞታል» አልኩት። «ነገር ግን በሕይወት ያለ ስለሆነ ሬጅስተሩን ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም ይቻላል።» ሊመለስበት የሚገባውን ትክክለኛ አድራሻ ከመጀመራችን በፊት ይዤው ነበር። በሄራ ቦታ እሱን ጻፍኩ፤ ጎኑ ያለውንም አስተካከልኩና ቀጥል አልኩት። ሥርዓቱ የጻፍኩትን ተቀብሎ ወደ ፕሮሰሰሩ መለሰው። ስክሪኑ ላይ «የሚቀጥለው ስም» የሚል ጥያቄ መጣ። ፕሮግራሙ ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ እየጠበቀን ነበር።

ጓድ ደምሴ ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሠላሳ ሁለት ፊደል ይበቃል ብሎ የወሰነው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሞልቷል የሚለውን ትእዛዝ የረሳው?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጅቷስ?»

«የታዘዘችውን ነው የጻፈችው። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። በጽሑፍ አድርጌዋለሁ፤ ፈርሜበታለሁ።» ገጹን ሰጠሁት። ትናንት የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር በላዩ ላይ አልነበረም።

አቶ ላምቤቦ ጣልቃ ገቡ። «ሠላሳ ሁለት ምንድን ነው?»

«ፊደል ነው አባባ። ለስምዎ የሰጠሁት ቦታ ነው።»

ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ የጸሐፊው ልጅ አይደለህም? እዚህ ከተማ አይደል የተወለድከው?»

«እዚሁ ነው።»

ከጓድ ደምሴ ከሰማሁት ቃል ሁሉ ይልቅ ዛሬም ድረስ የሚሰማኝ ያ የእሳቸው ጥያቄ ነው።

ጓድ ደምሴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ለአንድ ጥፋት ሁለት ሰው አልፈልግም» አለ። ፕሮግራሙን እንዳርም አንድ ሰዓት ለመንኩት፤ ሰጠኝ። የስሙን ቦታ አሰፋሁ፤ «ሞልቷል» የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ የአቶ ላምቤቦን ሰባት ስም ደግሜ አስገብቼ ሞከርኩት። አልሞተም። ከዚያ ተነሥቼ በታደለች ፋንታ ልታሰር ሄድኩ።

ታደለች ከዕቃ ክፍሉ ስትወጣና እኔ ስገባ በበሩ ላይ ተገናኘን። ገና ፀሐይ ነበር። ጠባቂው የሚያደርገው ጠፍቶት በመካከላችን ቆመ። ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ፊቷ ገርጥቶ፣ ነጠላዋን አጣፍታ አየችኝ።

«ጋሼ፣ የሰኞውና የማክሰኞውስ ኮር?»

«ምን?»

«ሲሞት ሁልጊዜ ዲስኩ ላይ ፋይል ይተዋል። እኔም በፋይሎቹ ዝርዝር ላይ አየዋለሁ። ሰኞ ትቶ ነበር፤ ማክሰኞም ትቶ ነበር። ያኔ ቢያዩት ኖሮ ሐሙስ አይደርስም ነበር።»

«አጠፋኋቸው» አልኳት። «ቦታ ይይዛሉ ብዬ ሳልከፍታቸው አጠፋኋቸው።»

ራሷን አልነቀነቀችም፤ አልተቆጣችምም። «እሺ ጋሼ፤ እግዚአብሔር ያውጣዎት» አለችና ሄደች። ሰኞ ወደ ሥራዋ መመለሷን፣ የሀቢቾን ዝርዝር ከመጀመሪያው ጀምራ መዝግባ መጨረሷን፣ ዘሩም ዝናቡ ሳያልፍ መድረሱን በኋላ ሰማሁ። እኔ ዘጠኝ ቀን በዚያ ክፍል ቆየሁ። እንዳሰብኩት አልከፉብኝም፤ ከኃላፊነቴ አንሥተው አንጋጫ መዝገብ ቤት መደቡኝ። እዚያ አራት ዓመት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ኖርኩ። ኮምፒዩተር ዳግመኛ በእጄ አልገባም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ ጀግና አታውጡብኝ። የራሴን ጥፋት የራሴ ነው ብዬ ፈረምኩ፤ ከዚህ ያለፈ አላደረግሁም። የተለወጠብኝ ነገር ሌላ ነው። ከዚያ በፊት መዝገብ ማለት ለእኔ ቅጹ የጠየቀው ብቻ ነበር። አንጋጫ ግን አንድ ባለጉዳይ ሊነግረኝ የጀመረውን ሳይጨርስ አቋርጬው አላውቅም። የተዘጋ ፋይል ሲሰጠኝ እንዴት እንደተዘጋ ሳላነብ ወደ መደርደሪያው መልሼው አላውቅም። አለቆቼ ዘገምተኛ ነው ይሉኝ ነበር፤ ትክክል ናቸው። አድካሚ አሠራር ነው፤ እኔንም አድክሞኛል። እዚያ ከሚኖሩት የከምባታ ሽማግሌዎች ጋር ስውል ከቋንቋቸውም ጥቂት ተማርኩ፤ ወደ አርባ ዓመቴ ስጠጋ፣ ተወልጄ ባደግሁበት አውራጃ ማለት ነው።

አቶ ላምቤቦ ሙሉ ስማቸው ተመዝግቦላቸዋል። ሰኞና ማክሰኞ ከታደለች ጎን ተቀምጠው የነበሩትን የሁለቱን ሊቃነ መናብርት መልክ አስታውሳለሁ፤ አንደኛው በግራ ዓይናቸው አያዩም ነበር። የእነርሱም አባቶች በዚያ ጠባብ ማስቀመጫ ውስጥ ገብተው፣ ሥርዓቱ ገልብጦ አስቀምጦልኝ ነበር። የትኛው አባት እንደነበረ፣ ስሙም ማን እንደሚባል፣ እኔ አላውቅም።